በሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው

ሰውዬው ጋዜጣውን ለሁለት አጠፈና የአውራ ጣቱን ጥፍር በእጥፋቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ሳበው። ገልበጥ አድርጎ ለአራት አጠፈው፤ አሁንም ጥፍሩን ሳበው።

ጩጬ ማውዙን ለቀቀች።

የሰውዬው ፊት አይታይም። ቪዲዮዎቹ ሲመጡ የሰው ሁሉ ፊት ሆን ተብሎ ደብዝዞ ነው የሚመጣው፤ ውሃ የፈሰሰበት ሥዕል ይመስላል። የሚታየው ቁመት ነው፣ ልብስ ነው፣ አረማመድ ነው። ይሄኛው ግራጫ ኮት ለብሷል። ግራጫ ኮት ደግሞ ስንቱ ይለብሳል! ወረቀት ሲያጥፍ እንደዚያ የሚጠነቀቅ ሰው ግን እሷ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው።

«የት ደረስሽ?» አለች እህቷ ከአልጋው ላይ። ቀኝ እጇ ከአንጓው ጀምሮ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተጋድሟል።

«መናኸሪያው ላይ ነኝ።»

«እሱ ረጅም ነው። ዓምዱ ጋ ተጠንቀቂ፤ ሰዎቹ የሚምታቱት እዚያ ጋ ነው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

እሺ አለች እንጂ ዓይኗ ከአግዳሚ ወንበሩ አልተነቀለም።

ጩጬ የቤት ስሟ ነው። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ሞልቶ፣ ቁመቷ እህቷን አልፎ እንኳ ስሙ አልለቅ ብሏታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥግ ወርውራ የእህቷ ላፕቶፕ ፊት መቀመጥ የጀመረችው በቅርቡ ነው። የእህቷ እጅ ማውዝ በያዘ ቁጥር በመርፌ የሚወጋት ያህል ያማት ጀመር። ሐኪሙ «አሳርፊው» አላት። «ማን ይተካልኝ?» አለችው። ሐኪሙ ሳቀ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር። የተካቻት እንግዲህ ጩጬ ናት። እናታቸው የታመመች አያታቸውን ለማስታመም ሌላ ከተማ ከሄደች ወራት ስላለፉ ቤቱ የቀረው ለአባትና ለሁለት ልጆች ነው።

ሥራው ከሩቅ ለሚያየው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። አንድ ድርጅት ከየቦታው በካሜራ የተቀረጹ ቪዲዮዎች ይልካል። ድርጅቱ ሰውን አይቶ መለየት፣ ለይቶም መከተል የሚያስተምረው ፕሮግራም አለ፤ እህትማማቾቹ በአጭሩ «ማሽኑ» ይሉታል። ማሽኑ ሰው የመሰለውን ሁሉ በሳጥን ይከብብና ለእያንዳንዱ ሳጥን ቁጥር ይሰጣል። ሰውዬው ሲንቀሳቀስ ሳጥኑም ከነቁጥሩ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ችግሩ ማሽኑ ገና ተማሪ ነው። አንዳንዴ የተሰቀለ ካፖርት ያይና ሰው ነው ብሎ ድርቅ ይላል። ጎንበስ ብሎ የጫማ ክር የሚያስር ሰው ደግሞ ይጠፋበታል። ከሁሉ የባሰው፣ አንድ ሰው ከዓምድ ጀርባ ገብቶ ሲወጣ አዲስ ሰው የመጣ እየመሰለው ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል።

«የኛ ሥራ ማረም ነው» ብላ ነበር ያስተማረቻት እህቷ። «ሰው ከዓምድ ጀርባ ስለገባ ሌላ ሰው አይሆንም። በገባበት ቁጥር ይወጣል። ይቺን ከያዝሽ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።»

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ቁጥር መለያ ይሰጠዋል። ለመናኸሪያው ቪዲዮ የተፈቀዱት መለያዎች ሦስት ናቸው። አውቶቡስ የተሳፈረ ወይም ከአውቶቡስ የወረደ «ተሳፋሪ» ነው። ሲሸከም፣ ሲሸጥ ወይም ሲጠርግ የታየ «ሠራተኛ» ነው። ሁለቱንም ሳይሆን እዚያው ሲቆይ የታየ «ያለ ጉዳይ የቆየ» ይባልና ሳጥኑ ቀይ ይሆናል።

ግራጫ ኮት የለበሰው ሰው ቁጥሩ አሥራ ሰባት ነበር።

ጩጬ ቪዲዮውን ወደ ፊት ገፋችው። አውቶቡስ መጣ፤ ሄደ። ዝናብ ጣለ፤ ሰዉ ግር ብሎ መጠለያው ስር ገባ። ዝናቡ አባራ፤ ሰዉ ተበተነ። አሥራ ሰባት ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ምሳ ሰዓት ሲሆን ከጎኑ ካለች ከረጢት ውስጥ ምሳ ዕቃ አወጣ። ሰማያዊ ምሳ ዕቃ ነው፤ የራሱ ክዳን ጠፍቶ የሌላ ዕቃ ቢጫ ክዳን በግድ የተገጠመለት። ዛሬ ጠዋት እንኳ እህቷ በግራ እጇ እየታገለች ስትሞላው አይታታለች።

«አባዬ» አለች ጩጬ ለራሷ።

አባቷ የማተሚያ ቤት ጠራዥ ነው። ወረቀት አጥፎ፣ ሰፍቶ፣ አጣብቆ መጽሐፍ የሚያደርግ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይወጣል፤ አመሻሹ ላይ ይመለሳል። ምናልባት በዚያ ቀን እረፍት ሆኖ ይሆናል አለች በሆዷ። ምናልባት እንግዳ እንዲቀበል ልከውት ይሆናል። ቀጣዩን ቪዲዮ ከፈተች፤ የሌላ ቀን ነው። ግራጫው ኮት እዚያው ወንበር ላይ አለ። የሚቀጥለውንም ከፈተች። አለ።

በዚያኛው ቪዲዮ ላይ ሁለት ተሸካሚዎች የየራሳቸውን ፍራሽ ተሸክመው ከግራና ከቀኝ መጥተው ዓምዱ ጋ ተገጣጠሙ። ፍራሹ ዓይናቸውን ስለከለላቸው አይተያዩም። አንዱ ወደ ግራ ሲል ሌላውም ወደዚያው፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሲል ሌላውም ወደዚያው። በመጨረሻ ሁለቱም ዓምዱን ዞረው በሌላ በኩል እንደገና ተላተሙ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ብቻውን።

ጩጬ ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። አባቷ እራት ላይ ነግሯቸዋል። በእሱ አነጋገር ግን ፍራሹ ጥቅል ወረቀት ነበር፤ መናኸሪያው ማተሚያ ቤት ነበር፤ አንደኛው ተሸካሚ ደግሞ ሙጫ።

ሙጫ የአባታቸው የሥራ ጓደኛ ነው። ከያዘ አይለቅም ተብሎ የወጣለት ስም ነው። እህትማማቾቹ አይተውት አያውቁም፤ ነገር ግን ስለ እሱ ያልሰሙት የለም። ያን ዕለት እህቷ ከሳቋ ብዛት ውሃ ትን ብሏት ነበር።

አመሻሹ ላይ በሩ ተከፈተ። «ቤቶች! ሰው አለ?» አለ አባታቸው እንደ ወትሮው። ግራጫ ኮቱን ሰቀለና ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ጓሮው ቧንቧ አለፈ። ጣቶቹ ጠቁረዋል። «ይሄ ቀለም እኮ የሰው ጠላት ነው!» እያለ በሳሙና ሲፈትግ ይሰማል።

ማዕድ ላይ ሲቀመጡ እህቷ ጀመረች። «እሺ፣ ሙጫ ዛሬ ምን ሠራ?»

«ሙጫማ ዛሬ ተርፏል። ጉድ የፈላበት ጎርናናው ነው።» ጎርናናው አለቃው ነው። «ነፋስ ባርኔጣውን አይነጥቀው መሰለሽ! ባርኔጣው ይሽከረከራል፣ እሱ ይሮጣል። ሊይዘው ጎንበስ ሲል ፈቅ ይልበታል። እኔማ ነፍስ ያለው መስሎኝ ነበር!»

እህቷ ሳቀች። «ቆይ ግን፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነፋስ ከየት መጣ?»

የአባቷ ማንኪያ አፉ አጠገብ ቆመ። «ግቢው ውስጥ ነዋ! ወረቀት ስናወርድ» አለና ጎረሰ። ከዚያ ወደ ጩጬ ዞረ። «አንቺስ ምነው? ዛሬ ጥርስሽን የት ጥለሽው መጣሽ?»

«ደክሞኝ ነው፣ አባዬ።»

«ተማሪ ከደከመው ሠራተኛ ምን ይበል!» አለ። ብሎም አቀርቅሮ ሳህኑን ማየት ጀመረ።

በማግስቱ ሰማዩ እንደ ጠቆረ ነበር። ጩጬ በእረፍት ሰዓት ከቀጭኔ ጋር የክፍላቸው በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ቀጭኔ ከሴቶቹ ሁሉ ረጅሟ ናት፤ ስሙን ያወጡላት ወንዶቹ ናቸው፤ እሷም ተናድዳ ተናድዳ ሲሰለቻት ተቀብላዋለች።

«ስሚ፣ ወንድሜ አዲስ ስልክ ተሰጠው» አለች ቀጭኔ። ወንድሟ የመናኸሪያው ጥበቃ ነው። «ለጉራ እንዳይመስልሽ፤ ለሥራ ነው። ካሜራው ብዙ የሚቀመጥ ሰው ሲያይ ስልኩ ጢው ይላል። የት ወንበር ላይ እንዳለ ሳይቀር ያሳየዋል። እነ ወንድሜ ሄደው ብድግ ማድረግ ነው።»

ጩጬ የያዘችው ዳቦ እጇ ላይ ቀረ። «አሁን ይሠራል?»

«ገና ነው። ትምህርት ላይ ነው ይላሉ። ካሜራም ይማራል እንዴ? እኛ እንኳ ስንቴ ተምረን አልገባን!»

«የሚያስነሷቸው ምን አጥፍተው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ወንበሩ ለተሳፋሪ ነው ይላል። ወንድሜን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ዩኒፎርም ከለበሰ ወዲህ ቤት ውስጥም ፋታ የለንም። ትናንት እማዬ በር ላይ ቆማ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ‹እናቴ፣ ጉዳይሽን ጨርሰሽ ግቢ› አይላትም! በነጠላ ጫማ አባረረችው።» ቀጭኔ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ጩጬን አየቻት። «አቦ፣ ምን ሆነሻል? ሙድሽ ልክ አይደለም።»

«እምቢ ካለስ? የተቀመጠው ሰውዬ አልነሳም ካለስ?»

«ክንዱን ይዘው ያስወጡታላ።»

ደወል ተደወለ። ከዚያ በኋላ የነበረው ትምህርት በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ዓይኗ ላይ የሚመጣባት ያ ክንድ ነው። ግራጫ እጅጌ፣ እጅጌው ላይ የሌላ ሰው እጅ፣ ምሳ ዕቃዋ ከከረጢቷ ወድቃ ቢጫ ክዳኗ ስትንከባለል። ማሽኑ ማንን ማስነሳት እንዳለበት የሚማረው ደግሞ ከማንም አይደለም። ከእሷ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እህቷ መድኃኒቷን ውጣ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ጩጬ አባቷን ቆራረጠችው።

ዘዴው ቀላል ነበር። ሰው በአግዳሚው ፊት ለፊት ባለፈ ቁጥር አሥራ ሰባት ለቅጽበት ይከለላል። ከመከለሉ በፊት የነበረውን ዱካ ትዘጋና ከተከለለ በኋላ ያለውን በአዲስ ቁጥር ትከፍታለች። አውቶቡስ መጥቶ ሰዉ ሲጋፋ ደግሞ የአባቷን ሳጥን እየሳበች ከሚሳፈሩት መሃል ታስገባውና እዚያ ታጠፋዋለች። ልክ ተሳፍሮ እንደሄደ። በዚህ ዓይነት አንዱ ሰው ብዙ ሰው ሆነ። ሁሉም ግራጫ ኮት የለበሱ፣ ሁሉም ለአፍታ አረፍ ብለው የሄዱ፣ ሁሉም «ተሳፋሪ»። አንድም ቀይ የለም። ስትጨርስ «ላክ» የሚለውን ተጫነችና ላፕቶፑን ከደነችው።

መልሱ የመጣው ከቀናት በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ስትገባ እህቷን ከአልጋዋ ተነስታ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ጩጬ፣ እስቲ ነይ።»

እህቷ ስትቆጣ ትጮኻለች። ዛሬ አልጮኸችም። ጩጬን ያስፈራት እሱ ነው።

ስክሪኑ ላይ በቀይ እንዲህ ይላል፦ «የአንድ ሰው ቁጥር በተደጋጋሚ ተቀያይሯል። እንደገና ተሠርቶ ይላክ። ድጋሚ ከተመለሰ ሥራው ይቋረጣል።»

«ዓምዱ ጋ ተጠንቀቂ አላልኩሽም?» አለች እህቷ። «ኧረ ይሄስ ዓምዱ ጋ እንኳ አይደለም! ሰውዬው ቁጭ ብሎ ነው ያለው። የሚሮጥ ሰው ቢጠፋሽ ይሁን። ቁጭ ያለ ሰው እንዴት ይጠፋሻል?»

«አላውቅም።»

እህቷ በግራ እጇ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰችው። አባታቸው በስክሪኑ መሃል ተቀምጧል። እህቷ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ድረስ ተጠግታ አየችው። አላወቀችውም። እሷ ሁልጊዜም ሰውን አታይም፤ የምታየው የሳጥኑን ጥግ ነው። ጥጉ ትከሻውን ነካ ወይስ አልነካም፣ ጫማውን አካተተ ወይስ ቆረጠ። ሥራውን ለረጅም ጊዜ የሠራ ሰው ዓይኑ እንደዚያ ይሆናል።

«ይኸው፣ ከጠዋት ጀምሮ። ጌታው ንቅንቅ አላሉም» አለች። ከዚያ ሳታስበው ፈገግ አለች። «ምን ዓይነት ሰው ነው በናትሽ? ሥራ የለውም እንዴ?»

«ነበረው ይሆናል።»

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

እህቷ ፈገግታዋ ጠፋ። በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ማውዙ ላይ አሳርፋ ለመጫን ሞከረች፤ ከንፈሯን ነክሳ አነሳችው። «ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አባዬ ‹ማተሚያ ቤቱ ደመወዝ አዘገየ› ካለኝ ቆየ። እማዬም ለአያታችን መድኃኒት ላኩልኝ ትላለች። ይሄን ቤት አሁን የያዘው ይሄ ሥራ ነው፣ ጩጬ። ይሄ ደግሞ ከሄደ…» አልጨረሰችውም።

አባቷ እህቷ እንዳትጨነቅ ይደብቃል። እህቷ ጩጬ እንዳትጨነቅ ትደብቃለች። ጩጬ ደግሞ ከሁለቱም ትደብቃለች። ከውጭ ቆሞ ለሚያያቸው እራት ላይ የሚሳሳቁ ቤተሰብ ናቸው።

«ተነሺ እትዬ» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ እኔው አስተካክለዋለሁ።»

«ሌላ ዕድል የለንም እኮ።»

«ገብቶኛል።»

እህቷ ለጥቂት ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻትና ወንበሩን ለቀቀችላት።

የቆራረጠችውን መቀጠል ከመቁረጡ ይልቅ ረጅም ሆነባት። እያንዳንዱን ቁራጭ ፈልጋ፣ የተሰጠውን የውሸት ቁጥር ሰርዛ፣ አሥራ ሰባት ብላ ከፊተኛው ጋር ታያይዘዋለች። ከአውቶቡሶቹ ውስጥም አንድ በአንድ አወጣችው። መጀመሪያ ስትሠራው የሚቆረጠውን ቦታ ብቻ ነበር የፈለገችው። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ከአባቷ ጋር መዋል ግድ ሆነባት። ጠዋት ሲመጣ ወንበሩን በእጁ ጠረግ አድርጎ ሲቀመጥ አየችው። ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ከረጢቱን ወደ ራሱ ሲሰበስብ፣ ያ ሰው ሲሄድ አንገቱን አዙሮ በዓይኑ ሲሸኘው አየች። አንዲት ሴት ሕፃኗን አስይዛው ትኬት ልትቆርጥ ስትሄድ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደ ተቀመጠ፣ ሕፃኑን እንዴት በሁለት እጁ እንደ ያዘው አየች። ሴትዮዋ ስትመለስ እጆቹ ባዶ ሆነው አየር ላይ ትንሽ ቆዩ።

ወደ መጨረሻው፣ የቀኑ ብርሃን ሲዳከም፣ አሥራ ሰባት ጋዜጣውን ፈታ። ሊያነበው መስሏት ነበር። አላነበበውም። ግራና ቀኙን አየ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ምራቅ እያስነካ የጋዜጣው ጥቁር ጽሑፍ ላይ ያሻቸው ጀመር። አውራ ጣቱን፣ ሌባ ጣቱን፣ መዳፉን። አዙሮ አየው፤ አልበቃው ኖሮ እንደገና አሸው። እጁ በደንብ ሲጠቁር ከረጢቱን ይዞ ተነሳና ከካሜራው ዓይን ወጣ።

ጩጬ ያን ቦታ ደግማ ማየት አልቻለችም።

የቀረው መለያው ነበር። «ተሳፋሪ» እንዳትል አልተሳፈረም፤ የሚያየው የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ዓይን አለው። «ሠራተኛ» እንዳትል ምን ሲሠራ ታየ ትበል? ሦስተኛው ብቻ ቀረ። ከጀርባዋ እህቷ አልጋዋ ላይ ተገላበጠችና እጇ ተነክቶባት «ኡፍ» አለች። ጩጬ ያን ስትሰማ ተጫነችው። የአባቷ ሳጥን ቀይ ሆነ። ላከችው።

አለቀሰች ቢባል ውሸት ነው። ማልቀስ ፈልጋ እንባው አልመጣም። ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣችና ካፊያው ስር ቆመች።

እዚያው እንደቆመች አባቷ መጣ። ቤቶች ብሎ ተጣርቶ፣ ኮቱን ሰቅሎ፣ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ። ቧንቧውን ሲከፍት ነው ያያት።

«ምን ትሠሪያለሽ ዝናብ ላይ? ሳሙናውን አቀብዪኝ እስቲ።»

አቀበለችው። ጥቁሩ ውሃ በጣቶቹ መሃል ሲወርድ አየች።

«ዛሬ ጎርናናው…» ብሎ ጀመረ።

«አባዬ፣ ትምህርት ቤታችን አጠገብ ቤተ መጻሕፍት አለ።»

«አለ። አውቀዋለሁ።»

«የየቀኑ ጋዜጣ ይመጣለታል። ወንበሮቹ መደገፊያ አላቸው፤ ዝናብም አይገባም። ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ ለምን መጣህ አይሉትም።» ይህን ሁሉ የተናገረችው ለቧንቧው ነው። አባቷን ለማየት አልደፈረችም። «መናኸሪያው ግን ሊከለክል ነው። የሚቀመጠውን ሰው ማስነሳት ሊጀምሩ ነው አሉ። ክንድ ይዘው።»

የአባቷ እጆች መተሻሸታቸውን አቆሙ። ውሃው ዝም ብሎ ይወርዳል። ሳሙናው ከእጁ ሾልኮ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም።



«እህትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም። እኔም አልነግራትም። ግን እጇን እያየኸው ነው፣ አባዬ።»

አባቷ ቧንቧውን ዘጋ። ጣቶቹ ገና አልጠሩም ነበር። እንደዚያው በሸሚዙ ጠርዝ አደራረቃቸው።

«ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አለ፤ ቀና ሳይል።

«ከኛ ደወል በፊት።»

«እህ።»

«ጠዋት አብረን መውጣት እንችላለን።»

እርጥብ እጁን አናቷ ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሳውና ቀድሟት ገባ።

እራት ቀርቧል። እህቷ ማንኪያ በግራ እጅ መያዝ እየለመደች ነው፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። «አትሳቁብኝ» አለች፤ ማንም ግን አልሳቀም። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ወደ አባቷ ዞረች።

«እሺ፣ ሥራ እንዴት ዋለ?»

አባታቸው ወደ ጩጬ አየ። ጩጬ ወሬ የሚያስቀይር ነገር አላጣችም። የሒሳብ ፈተና ነበረ፤ የቀጭኔ ወንድምና የነጠላ ጫማው ነበረ፤ ከምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንዱን ብትል ቤቱ እንደ ትናንቱ ይስቅ ነበር።

አፏን ዘጋች። ወንበሯን ወደ እህቷ አስጠግታ ተቀመጠች፤ ሁለቱም አባታቸውን እያዩ ጠበቁት።